«ፉል አፕግሬድ» አካውንት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆም በሉ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሰሞኑን በሞባይል ቤቶችና በሰፈር የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ሽያጭ እየዞረ ነው። የቢዝነስ ጌም አካውንት። ፋብሪካ የምትከፍቱበት፣ ሠራተኛ የምትቀጥሩበት፣ ማሽን እያሳደጋችሁ ኮይን የምትሰበስቡበት ዓይነት ጌም ነው። ሻጮቹ «ፉል አፕግሬድ ነው፣ ሁሉም ነገር ማክስ ነው፣ ቁጭ ብሎ መብላት ብቻ» ይላሉ፤ ማሽኑ ሁሉ ላይ ድረስ አድጓል ማለታቸው ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ አካውንቱን ትተው ዳይመንድ ይሸጣሉ፣ በእውነተኛ ብር የሚገዛውን የጌሙን ገንዘብ ማለት ነው። እጃችሁን ሰብስቡ።

ሻጩ ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ቃሉን ጠብቆ የሚያስረክብም አለ። ችግሩ ዕቃው ራሱ ነው። በትክክል ብትረከቡት እንኳ የሚሰጣችሁ ጥቅም ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው።

ኩኪ ክሊከርን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጌም ነው። ውስጡ አያቶች ትቀጥራላችሁ፣ እነሱ ብስኩት ይጋግራሉ። የመጀመሪያዋ አያት ዋጋ 100 ብስኩት ነው። በሰከንድ 1 ብስኩት ታስገባለች። በ100 ሰከንድ ዋጋዋን መለሰች ማለት ነው። ግን እያንዳንዷ አያት ከፊተኛዋ በ15 በመቶ ትወደዳለች። 51ኛዋ ላይ ስትደርሱ ዋጋዋ ከ108,000 ብስኩት በላይ ሆኗል። የምታስገባው ግን ያው 1 ነው። ሌላ ማሻሻያ ካልጨመራችሁላት ዋጋዋን ለመመለስ 30 ሰዓት ይፈጅባታል።

ዋጋው በማባዛት ያድጋል፣ ገቢው በመደመር። ዛሬ ስልካችን ላይ ያሉት አብዛኞቹ የዚህ ዘር ጌሞች የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው። ቁጥሩና ሥዕሉ ይለያያል እንጂ መንገዱ አንድ ነው። ስለዚህ «ማክስ» አካውንት የገዛ ሰው ምን ገዛ? ሌላ ሰው የቀጠራቸውን ሃምሳ አያቶች ገዝቶ 51ኛዋ በር ላይ ተቀመጠ። ርካሹንና ቶሎ የሚመልሰውን ክፍል ሌላው ተጫውቶበታል። ለእናንተ የቀረው ውዱ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ጌሙ ራሱ «ሰዓት አትጠብቅ፣ ዳይመንድ ግዛ» እያለ ይጠብቃችኋል።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ጌሞች አንድ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ሁሉንም አፍርሳችሁ ከዜሮ እንድትጀምሩ ያደርጋሉ። በምትኩ የምታገኙት ቋሚ የገቢ ጭማሪ ነው። ያኔ ያ ሁሉ «ፉል አፕግሬድ» ይጠፋል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፣ ወይም ራሱም አያውቀውም። አካውንት ሲያሳያችሁ ማሽኑ ስንት ሌቭል እንደደረሰ አትጠይቁት። ከዜሮ ሲጀመር የማይጠፋው ምን እንደሆነ ጠይቁት። መልሱ ከተንተባተበ ነገሩ ገብቷችኋል።

ስለ ስትራቴጂ ካወራን፣ አብዛኛው ሰው ኮይኑን የሚያባክነው ማሽን በማሳደግ ነው። ጌሞቹ በአብዛኛው ሦስት ቦታ አላቸው፦ የሚያመርት፣ የሚያጓጉዝ፣ የሚሸጥ። ከሦስቱ አንዱ ሁሌም ይዘገያል። ሁለት ሴቶች ሊጥ ቢያቦኩም ምጣዱ አንድ ከሆነ የሚወጣው እንጀራ ያው ነው። መኪናው ሞልቶ እያለ ማሽኑን ብታሳድጉ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይቆለላል እንጂ ገቢያችሁ ንቅንቅ አይልም። ጌሙ የሚሸጥላችሁ ፓኬጅ ግን ብዙ ጊዜ የማሽን ነው። ለምን? ማሽን ዓይን ይስባል። መኪና ማን ያምረዋል!

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአፕግሬዱን ዋጋ በሚጨምረው ገቢ አካፍሉት። አንዱ 12,000 ኮይን ይጠይቃል፣ በደቂቃ 50 ኮይን ይጨምራል እንበል። በ240 ደቂቃ ዋጋውን ይመልሳል። ሌላው 3,000 ኮይን ነው፣ በደቂቃ 20 ብቻ ይጨምራል። እሱ ግን በ150 ደቂቃ ይመልሳል። ሦስት ሰዓት ቆይታችሁ ከዜሮ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ትልቁ አፕግሬድ ጭራሽ ዋጋውን ሳይመልስ ይፈርሳል። ይህን በስልካችሁ ካልኩሌተር መሥራት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለማንም ብር አያስከፍልም።

አሁን ወደ እውነተኛው ብር እንምጣ። ጌሙ በዶላር ነው የሚያስከፍለው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከማለቱ በፊት የ10 ዶላር ፓኬጅ በባንክ ዋጋ 570 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ 1,000 ብርን አለፈ። አብዛኛው የሰፈራችን ሰው ውጭ የሚሠራ ካርድ ስለሌለው ደላላ ይገባል፣ ደላላው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ያ ገንዘብ ከገላን መርካቶ ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ እናንተ አስሉት።

ጊፍት ካርድ ልሽጥላችሁ የሚላችሁም አለ። የጉግል ፕሌይ ጊፍት ካርድ በአገር የተከፋፈለ ነው። የአሜሪካ ካርድ የሚሠራው አገሩ አሜሪካ ተብሎ በተመዘገበ አካውንት ላይ ብቻ ነው። ደላላው «አገሩን ቀይረው» ይላችኋል። የፕሌይ አገር የሚቀየረው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ካርዱን ገዝቶ ኮዱን ፍቆ «አይሠራም» የሚል ሰው በየግሩፑ ሞልቷል። የተፋቀ ኮድ ማንም አይመልስላችሁም።

ዳይመንዱ ራሱ የተቀመረ ነው። የምትፈልጉት ዕቃ 600 ዳይመንድ ከሆነ ፓኬጁ ወይ 500 ነው ወይ 1,100። ሁሌ ትርፍ ይቀራችኋል፣ ትርፉ ደግሞ ለብቻው ምንም አይገዛም። «80 በመቶ ቅናሽ፣ 2 ሰዓት ብቻ ቀረ» የሚለው ቆጣሪም ብዙ ጊዜ ካለቀ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ማመን ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ይህ የእኛ ሰፈር ሐሜት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባወጡት መመሪያ የጌም ዕቃ ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብም ይታይ፣ ተጫዋች የማይፈልገውን መጠን እንዲገዛ አይገደድ ብለዋል።

አካውንት መግዛቱ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል የሻጩ ነው። እናንተ ፓስወርድ ብትቀይሩም «ፓስወርዴን ረሳሁ» ብሎ መልሶ ይወስደዋል። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አንድ የጎረቤት ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከፍሎ ብዙም ሳይጫወትበት አካውንቱ ተዘጋበት፣ ያው አካውንት ግን ሌላ ግሩፕ ላይ ለሽያጭ ወጣ። ለጌሙ ድርጅት ማመልከትም ብዙም አያዋጣም፤ የአብዛኞቹ ጌሞች ውል አካውንት መሸጥ ይከለክላል፣ እናንተም እንደ ጥፋተኛ ነው የምትታዩት። እዚህ አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን። ያለ ደረሰኝ፣ ስሙን ከማታውቁት ሰው በቴሌግራም ለገዛችሁት አካውንት ግን ማንን ትከሳላችሁ?

«ገንዘቡ የማያልቅ» ተብሎ በሻጩ በኩል የሚላክ የኤፒኬ ፋይልም (ከፕሌይ ውጭ በቀጥታ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ) አለ። እሱን በጭራሽ አትጫኑ። ጌም ሆኖ ሳለ የጽሑፍ መልእክታችሁን ላንብብ ብሎ ፈቃድ ከጠየቀ የፈለገው የማረጋገጫ ኮዳችሁን ነው። በዚያው ስልክ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ እንዳላችሁ አትርሱ።

ምንም አትግዙ ማለቴ አይደለም። ማስታወቂያን ለዘለቄታው የሚያጠፋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነገር ለሚጫወትበት ሰው ያዋጣል ባይ ነኝ። አንድ ጊዜ ተከፍሎ ሙሉው የሚገኝ ጌም ደግሞ ከዚያም ይሻላል፤ አፕግሬዱ የተሠራው ለጨዋታው እንጂ ኪሳችሁን ለማራቆት አይደለም። እኛ ሰፈር መብራት በሄደ ቁጥር ኢንተርኔትም አብሮ ስለሚንገዳገድ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ፈጠን በሉ። በጉግል ፕሌይ በራሳችሁ አካውንት የከፈላችሁት ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ሁሌ ይመለሳል ማለት ግን አይደለም። የገዛችሁት አካውንት ላይ ኢሜይሉንና ስልክ ቁጥሩን መቀየር ከቻላችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ። ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ፤ ቴሌግራም ላይ ከእናንተም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስሙንም በፈለገ ጊዜ ይቀይራል። የቴሌብር ግብይት ቁጥሩንና ገንዘቡ የገባበትን ስልክ ግን መቀየር አይችልም፣ እሱን አስቀምጡት።