ግኖም፣ ፕላዝማ ወይስ ኤክስኤፍሲኢ? ለየትኛው ኮምፒውተር የትኛው የሊኑክስ ዴስክቶፕ

የሊኑክስ ዴስክቶፕ (መስኮቶቹን፣ ታስክባሩንና ሴቲንጉን የያዘውን ገጽታ) የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስክሪንሾት ነው። የትኛው ያምራል፣ የትኛው ዊንዶውስ ይመስላል፣ የትኛው ማክ ይመስላል ይባላል። መልክ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚቀየር ነገር ነው። በቀላሉ የማይቀየረው ስክሪኑ በስንት ኢንች ላይ ስንት ፒክሰል እንደያዘ፣ ራሙ ስንት እንደሆነና የግራፊክስ ካርዱ የማን እንደሆነ ነው። ዴስክቶፖቹም የምር የሚለያዩት እዚህ ላይ ስለሆነ ንጽጽሩ ከዚሁ ይጀምራል።

የምናነጻጽራቸው ሦስት ናቸው። ግኖም የሁለት የሊኑክስ ዓይነቶች (ዲስትሮዎች)፣ የኡቡንቱና የፌዶራ ወርክስቴሽን፣ ዴስክቶፕ ነው። ኬዲኢ ፕላዝማ በኩቡንቱና በፌዶራ ኬዲኢ እትም ይመጣል። ኤክስኤፍሲኢ ደግሞ በዙቡንቱና በሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ እትም ይገኛል። ሦስቱም በነጻ ይወርዳሉ።

ስክሪኑ

መጀመሪያ የስክሪንዎን ጥግግት ያስሉ። የአግድሙን ፒክሰል በራሱ ያባዙ፣ የቁመቱንም በራሱ ያባዙ፣ ሁለቱን ደምረው ስኩዌር ሩቱን ያውጡና በስክሪኑ ኢንች ያካፍሉ። 1920 በ1080 የሆነ የ24 ኢንች ሞኒተር በኢንች 92 ፒክሰል ገደማ ይወጣዋል። ያው 1920 በ1080 በ15.6 ኢንች ላፕቶፕ ላይ 141፣ በ13.3 ኢንች ላይ 166 ይሆናል። የ27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር 163 ነው። ከ110 በታች ከሆነ ጽሑፉ በ100 በመቶ ስኬሊንግ (የማሳያ መጠን) ምቹ ነው፤ ወደ 200 ሲጠጋ ደግሞ 200 በመቶ ያስኬዳል። የሚያስቸግረው መሃል ያለው ነው፤ 100 በመቶ ዓይን ያደክማል፣ 200 በመቶ ደግሞ ስክሪኑን ያጨናንቃል። የዛሬ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ያሉት እዚያ መሃል ላይ ነው።

ይህን ከሦስቱ በደንብ የሚይዘው ፕላዝማ ነው። በሲስተም ሴቲንግስ የዲስፕሌይ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ሞኒተር ለየብቻው 125 ወይም 150 በመቶ ብለው ይመርጣሉ። እዚያው ገጽ ላይ በኤክስ 11 (መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው የቀድሞ ሥርዓት) የሚሠሩ የቆዩ ፕሮግራሞችን የሚመለከት አንድ ምርጫ አለ፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ያሳድጉ ወይስ ሲስተሙ ያሳድጋቸው የሚል። የመጀመሪያውን ከመረጡ ጽሑፉ ጥርት ይላል፣ ማሳደግ የማያውቅ ያረጀ ፕሮግራም ግን ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ሁሉንም ልክ መጠን ላይ ያመጣል፣ ግን ያደበዝዛል። በመጀመሪያው ጀምረው የሚያስቸግር ፕሮግራም ካጋጠመዎት ብቻ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ።

ግኖም በ100 እና በ200 በመቶ ላይ እንከን የለውም። በመሃሉ ግን በዌይላንድ (ኤክስ 11ን በሚተካው አዲስ ሥርዓት) ላይ በቀጥታ የማይሠሩ ፕሮግራሞች በትንሽ መጠን ተስለው ስለሚለጠጡ ደብዛዛ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የወጣው ግኖም 47 ለዚህ የሙከራ መፍትሔ ይዞ መጥቷል፤ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያለው ግን ግኖም 46 ስለሆነ እዚያ አያገኙትም። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ለሚጠቀም ሰው የተሻለ መላ አለ። ስኬሊንጉን 100 በመቶ ላይ ትተው ግኖም ትዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም ይጫኑ፤ በፎንት ገጹ ላይ የጽሑፍ ማሳደጊያውን 1.25 ያድርጉት። ጽሑፉ ያድጋል፣ ምንም ነገር አይደበዝዝም። ይህ መላ ሁሉንም ሞኒተር በእኩል ስለሚነካ ሁለት ዓይነት ስክሪን ላለው አይሆንም።

በኤክስኤፍሲኢ መስኮቶችን ሳያደበዝዙ ማሳደግ የሚቻለው በሙሉ ቁጥር ነው፤ አንድ እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ። ለመሃሉ አፒራንስ በሚለው ሴቲንግ የፎንት ገጽ ላይ ዲፒአይ የሚለውን ይለውጡ፤ መነሻው 96 ነው፣ 120 ማለት 125 በመቶ፣ 144 ማለት 150 በመቶ ነው። ከዚያ የፓነሉን (የታስክባሩን) ቁመት በእጅ ይጨምሩ። በዊንዶው ማኔጀር ደግሞ ከመደበኛው ቴም ኤችዲፒአይ ወይም ኤክስኤችዲፒአይ የሚል ቅጥያ ያለውን ይምረጡ፤ አለዚያ የመስኮቶቹ ጠርዝ ቀጭን ሆኖ ማውሱ አይይዘውም። አልትን ይዞ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ መጎተትም መስኮት ስለሚያሰፋ ከጠርዙ ጋር መታገል አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ለአንድ ስክሪን በደንብ ይሠራል። 141 የሆነ ላፕቶፕ 92 ከሆነ ሞኒተር ጋር ሲያያዝ ግን አንዱ ልክ ሲሆን ሌላው ልክ አይሆንም። ሁለት የተለያየ ጥግግት ያላቸው ስክሪኖችን ጎን ለጎን የሚጠቀም ሰው ፕላዝማን ይውሰድ፤ በዚህ ላይ ሌላ ምክር የለኝም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። እዚህ ስለ ፕላዝማ የምለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ስለወጣው ፕላዝማ 6 ነው። ኩቡንቱ 24.04 እና ዴቢያን 12 የያዙት ግን ፕላዝማ 5.27 ነው፤ በኩቡንቱ 24.04 ደግሞ መነሻው ገና ኤክስ 11 ነው። ያንን ሞክሮ «ፕላዝማ አይሆንም» ማለት የቆየውን ስሪት መፍረድ ነው። ዴቢያን 13 ፕላዝማ 6.3ን፣ ግኖም 48ን እና ኤክስኤፍሲኢ 4.20ን ይዟል፤ ለንጽጽር ጥሩ መነሻ ነው።

ራም

«ፕላዝማ ከባድ ነው» የሚለው ወሬ ካለፈ ዘመን የቀረ ነው። ኤክስኤፍሲኢ ምንም ሳይከፈትበት ብዙውን ጊዜ ከ1 ጊጋባይት በታች ይይዛል፤ ግኖምና ፕላዝማ ከዚያ በላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ይጨምራሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን ተቀራራቢ ናቸው። 8 ጊጋባይት ካለዎት ይህ ልዩነት አይታይም። በ4 ጊጋባይት ላይ ይታያል፤ እዚያ ኤክስኤፍሲኢ ይሻላል። ያም ሆኖ ራሙን የሚጨርሰው ዴስክቶፑ ሳይሆን ብራውዘሩ ነው። ስለዚህ ዴስክቶፕ ከመቀየርዎ በፊት ዚራምን ያብሩ፤ በራም ውስጥ ያለ ውሂብን እየጨመቀ ቦታ ያስለቅቃል። ፌዶራ ከስሪት 33 ጀምሮ በራሱ ያበራዋል፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ለብቻው ይጫናል።

ኮምፒውተሩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው ደግሞ ኤስኤስዲ መግጠም ከየትኛውም የዴስክቶፕ ምርጫ በላይ ለውጥ ያመጣል። ያ እስኪሆን ለፍለጋ ሲል ፋይሎችን ከጀርባ እያነበበ የሚመዘግበውን ክፍል ይግቱት። በፕላዝማ ፋይል ሰርች በሚለው ሴቲንግ የፋይሎችን ይዘት ማንበቡን አጥፍተው ስማቸውን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። በግኖም የሰርች ሴቲንግ ውስጥ የሚፈተሹትን ፎልደሮች ይቀንሱ።

የእጅ ልማድ

ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ንጹሑን ግኖም ሲከፍት ሦስት ነገር ያጣል፤ መስኮት ማሳነሻ ቁልፍ፣ ሁልጊዜ የሚታይ ታስክባርና ዴስክቶፕ ላይ አይኮን። ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት የጥግ ቦታም የለም። ኡቡንቱ እነዚህን በራሱ ሴቲንግና በኤክስቴንሽኖች (በግኖም ላይ በሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) ስለሚመልስ የኡቡንቱ ግኖምና የፌዶራ ግኖም አንድ ዓይነት ስሜት የላቸውም። ግኖም ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ሐሳቡ መስኮቶችን ማሳነስ ሳይሆን በየገጹ ማከፋፈልና በሱፐር ቁልፍ (የዊንዶውስ ምልክት ባለበት) ወይም ታችፓድ ላይ በሦስት ጣት መካከላቸው መንሸራተት ነው። ልማድዎን ለመለወጥ ፈቃደኛ ከሆኑ በላፕቶፕ ላይ የግኖምን ያህል የተስተካከለ የታችፓድ አሠራር ከሦስቱ አያገኙም።

ካልሆኑ ግን በኤክስቴንሽን ብዛት ወደ ዊንዶውስ ሊለውጡት አይሞክሩ። ግኖም በየ6 ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ከየትኞቹ ስሪቶች ጋር እንደሚሠራ በውስጡ ተጽፏል፣ ስሪቱ ካልተጻፈ አይበራም። በ2023 ግኖም 45 ኤክስቴንሽኖች ኮድ የሚጭኑበትን መንገድ ስለቀየረ የነበሩት ሁሉ እንደገና መስተካከል ነበረባቸው። ሥራዎ በስድስት ኤክስቴንሽኖች ላይ ከቆመ ከማሻሻያው በኋላ ጥቂቶቹ ጠፍተው ያገኙታል፣ ጸሐፊዎቻቸው እስኪያስተካክሉም ይጠብቃሉ። ሁለትና ሦስት ኤክስቴንሽን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከመሰለዎት የሚፈልጉት ፕላዝማ ነው።

ፕላዝማ ውስጥ የሚፈለገው ሁሉ ከመነሻው አለ። ሱፐርና ቪ ሲጫኑ ኮፒ ያደረጓቸው ነገሮች ዝርዝር ይወጣል። የፋይል ፕሮግራሙ ዶልፊን በኤፍ 3 ለሁለት ይከፈላል፣ በኤፍ 4 ከሥሩ ተርሚናል ይከፍታል። ድካሙ የሴቲንጉ ብዛት ነው፤ የሚፈልጉትን ለማግኘት ገጾቹን ከማሰስ ይልቅ በሴቲንጉ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ ይጻፉ። ከባድ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ ከውጭ የሚወርዱ ግሎባል ቴሞችና ዊጀቶች ናቸው። እነዚህ ሥዕል ብቻ ሳይሆኑ ኮድ ያስኬዳሉ፤ በ2024 አንድ እንዲህ ያለ ቴም የአንድ ተጠቃሚን ፋይሎች ጠራርጎ አጥፍቷል። የቀለም ስብስብና የግድግዳ ሥዕል ያውርዱ፣ ግሎባል ቴም ግን ከዲስትሮው ጋር የመጣው ይበቃዎታል።

ኤክስኤፍሲኢ ላይ ዛሬ የለመዱት ከዓመታት በኋላም እዚያው ይጠብቅዎታል። 4.12 በ2015፣ 4.14 በ2019፣ 4.16 በ2020፣ 4.18 በ2022፣ 4.20 በ2024 ወጥተዋል፤ አንዳቸውም ፓነሉን ገልብጠው አያውቁም። ኮምፒውተርን ለሥራ ብቻ ለሚያበራና በየጊዜው አዲስ ነገር መማር ለማይሻ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፣ እንደ ጉድለት መቆጠሩም ያሳዝነኛል። እውነተኛው ጉድለቱ በኤክስ 11 ላይ መቆየቱ ነው፤ የዌይላንድ ድጋፉ በ4.20 ገና ሙከራ ላይ ነው። ቪዲዮ ሲታይ ስክሪኑ በአግድም የሚቆረጥ ከመሰለ በዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ ውስጥ ኮምፖዚተሩ (መስኮቶቹን አቀናጅቶ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ክፍል) መብራቱን ያረጋግጡ።

የኤንቪዲያ ካርድ ላለው ደግሞ፦ በዌይላንድ ላይ የቆዩ ፕሮግራሞች ብልጭ ድርግም ሲሉ የነበረው ችግር የተፈታው በ2024 ነው፤ ድራይቨሩ 555 ወይም ከዚያ በላይ፣ ፕላዝማው ከ6.1፣ ግኖሙ ከ46.1 ጀምሮ መሆን አለበት። ካርዱ አርጅቶ አዲሱን ድራይቨር የማይቀበል ከሆነ በኤክስ 11 ይቆዩ፤ ያኔ ኤክስኤፍሲኢ ጥሩ ማረፊያ ነው።

አማርኛ መጻፍ

ይህ ለብዙ አንባቢ ወሳኝ ሆኖ ሳለ በንጽጽሮች ውስጥ አይነሳም። አማርኛውን እንደ አነባበቡ በላቲን ፊደል እየተየቡ ለመጻፍ የሚያገለግለው ኤም17ኤን የሚባለው ጥቅል ነው። በግኖም አይባስ (የተለያዩ ቋንቋዎችን መተየቢያ ፕሮግራም) አብሮ ስለሚመጣ የአይባስ ኤም17ኤን ጥቅልን ይጭናሉ፣ ወጥተው እንደገና ይገባሉ፣ በኪቦርድ ሴቲንግ አማርኛን ይጨምራሉ፤ በሱፐርና ስፔስ ይቀያየራሉ። አለቀ። በፕላዝማ ዌይላንድ ላይ ግን ጥቅሉን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ በኪቦርድ ሴቲንግ ሥር ቨርቹዋል ኪቦርድ በሚለው ገጽ ላይ ኤፍሲቲክስ 5ን (ሌላ የመተየቢያ ፕሮግራም) ወይም የአይባስ ዌይላንድን መምረጥ ያስፈልጋል። ያ ገጽ የስክሪን ኪቦርድ ብቻ ስለሚመስል ብዙ ሰው አይከፍተውም፣ አማርኛውም ያኔ አይሠራም። በኤክስኤፍሲኢ ላይ አይባስ ሲጫን በአንዳንድ ፕሮግራሞች ጽፎ በሌሎች እምቢ ካለ፣ እምቢ ያሉት በኪውት (ፕላዝማም በተሠራበት የፕሮግራም መሥሪያ) የተሠሩ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ኪውት በየትኛው መተየቢያ እንደሚጠቀም የሚነግረው ሴቲንግ አልተሞላም ማለት ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ አይኤም ኮንፊግ የሚባለውን አስነስተው አይባስን ሲመርጡ ሁሉንም አንድ ላይ ይሞላል።

ዴስክቶፕ መቀየር የማይፈታቸው

ዋይፋይ መቆራረጥ፣ ላፕቶፑ ተዘግቶ ባትሪ መጨረሱ፣ ፕሪንተር አለመታየቱ ከድራይቨርና ከከርነል የሚመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ላይ ይከተሉዎታል። ፍላሽ ላይ ፋይል ሲገለበጥ መቶ በመቶ ብሎ ከዚያ «አውጣ» ሲባል ረጅም ደቂቃ የሚቆመውም እንዲሁ ነው፤ ሊኑክስ ውሂቡን መጀመሪያ ራም ላይ ይቀበልና ቀስ ብሎ ወደ ፍላሹ ያወርዳል። መልእክቱ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ቀድሞ የተነቀለ ፍላሽ ጎዶሎ ፋይል ይዞ ይወጣል።

ስክሪን ሼር ላይ ጥቁር መስኮት ብቻ መታየቱ ግን ከዴስክቶፑ ጋር ይያያዛል። በዌይላንድ ላይ ስክሪን የሚያጋራው ፖርታል የሚባለው ክፍል ነው፤ ግኖምና ፕላዝማ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፖርታል አላቸው። ሁለቱን ዴስክቶፖች አንድ ላይ የጫነ ሰው የተሳሳተው ፖርታል ሊነሳበት ይችላል። ለሙከራ ብሎ ሦስቱን በአንድ ተጠቃሚ ስም ላይ መጫንን የማልመክረው በዚህ የተነሳ ነው፤ ፕላዝማ የግኖም ፕሮግራሞችን ቴም የሚወስኑ ፋይሎችንም ስለሚጽፍ ወደ ግኖም ሲመለሱ መልኩ ተዛብቶ ያገኙታል። የሚሻለው በ8 ጊጋባይት ፍላሽ እያንዳንዱን ላይቭ (ሳይጭኑ ከፍላሹ) ማስነሳት ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጫን የግድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዴስክቶፕ አዲስ የተጠቃሚ ስም ይክፈቱ።

ላይቭ ሲያስነሱ ግድግዳውን በማየት ጊዜ አያጥፉ። ሁለተኛውን ሞኒተር ይሰኩ፣ ነቅለው መልሰው ይሰኩ፤ ላፕቶፑን ዘግተው ይክፈቱ፤ ከብራውዘር ስክሪን ያጋሩ፤ ብሉቱዝ ማዳመጫ ያገናኙ፤ ብዙ ገጾችን ከፍተው ራሙ ምን ላይ እንደደረሰ ይዩ። እነዚህን ያለፈው ከሦስቱ የእርስዎ ነው፤ ሁለት እኩል ካለፉ ለስክሪኑ ወዳሰሉት ቁጥር ተመልሰው ይምረጡ።