በአማካይ ወይስ በስትራይክ ሬት?

ሐዋሳ ላይ የስፖርት ወሬ ማለት ኳስ ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ህንዳውያን ጋር ቡና የጠጣ ሰው ግን ከክሪኬት አያመልጥም። ጭቅጭቁም ያው ነው፦ መቺን በምን እንለካው?

አማካይ የሚገኘው የተጫዋቹ ራን (በመምታት የሚያመጣው ነጥብ) አውት ለሆነበት (ከመምቻው ለተባረረበት) ብዛት ሲካፈል ነው። ስትራይክ ሬት ደግሞ በተወረወሩለት በ100 ኳስ ስንት ራን እንደሚያመጣ ይናገራል።

አማካይ አንድ ቀዳዳ አለው። አውት ሳይሆን የጨረሰ ሰው ራኑ ይደመርለታል፤ አካፋዩ ግን ንቅንቅ አይልም። የአውስትራሊያው ማይክል ቤቫን በአንድ ቀን በሚያልቁ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች 196 ጊዜ ለመምታት ገብቶ 67ቱን እንዲሁ ነው የጨረሰው። 6,912 ራኑን ለ129 ስናካፍል 53.58 ይመጣል። ለ196 ቢሆን 35 ገደማ ነበር። (እስከ መጨረሻ መቆየትም ሙያ ነው፣ አልክድም።) የፓኪስታኑ ሻሂድ አፍሪዲ ተቃራኒው ነው፤ አማካዩ 23 ተኩል ገደማ፣ ስትራይክ ሬቱ 117። ቶሎ ይመታል፣ ቶሎ ይወጣል።

በአማካይ ብቻ ለሚምል የ1975ቱን የዓለም ዋንጫ እጠቅስለታለሁ። እንግሊዝ በ60 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) 334 ራን አስቆጠረች። የህንዱ ሱኒል ጋቫስካር የህንድ ተራ ሲደርስ ከመጀመሪያው ገብቶ እስከ መጨረሻው አውት አልሆነም። ግን በ174 ኳስ ያመጣው 36 ራን ብቻ! ህንድ በ202 ራን ተሸነፈች፤ የእሱ አማካይ ግን ምንም አልሆነ።

እኔ በ50 ኦቨር አማካይን አስቀድማለሁ፤ 300 ኳስ አለ፣ ጊዜ አለ። በ20 ኦቨር ያለው 120 ብቻ ነው። እዚያ ኳስ ከሚፈጅ ይልቅ መትቶ የሚወጣ ይሻለኛል።