ዘጠነኛውን ጥያቄ ለጠየቀችኝ ሲስተር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። ሲስተር ስሟ እንዲነሳ አትፈልግም፤ ቃሏን አከብራለሁ። ያደረገችልኝን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አዲስ አበባ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ የስፌት መኪናዬን በነጠላ ሸፈንኩት፤ እንደተሸፈነ 7 ወር ቆየ። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልኩ። ተዝካሯ ወጣ፣ ለቅሶ ደራሹም ተበተነ። እኔ ግን መነሳት አቃተኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃና እስኪነጋ ጣራ ጣራውን አያለሁ። እህል አልቀምስ አለኝ። ራሴን ያቃጥለኛል። አንድ ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ፣ 2 ወር ዋጥኩት። ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ የለም። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ሰነፈች» ተባልኩ። ይሄ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል።

በመጨረሻ ታናሽ እህቴ እጄን ይዛ የወረዳችን ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የአእምሮ ጤና ክፍል እንዳለው አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው፤ እዚያም ጨርቁን የጣለ ብቻ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ሲስተር በሩን ዘጋች። «ባለፉት 2 ሳምንታት» እያለች 9 ጥያቄ ጠየቀችኝ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ምግብ፣ ራስን ስለ መውቀስ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሞላለች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ብሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለእናቴም አላለቀስኩም። አልደነገጠች፣ አልተቆጣች። እህቴን አስጠርታ፣ ለጊዜው ብቻዬን እንዳታሳድረኝ ነገረቻት።

ሕመሙ ድባቴ እንደሚባል ያወቅኩት ከእሷ ነው። መድኃኒት ጀመርኩ፣ ፍሉኦክሰቲን። መጀመሪያ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል፣ ለውጡን ለማየትም ሳምንታት ይወስዳል ብላኝ ስለነበር ሲያቅለሸልሸኝ አልጣልኩትም። ከተሻለሽም በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ትቀጥያለሽ፣ በራስሽ እንዳታቆሚ አለችኝ። አክስቴ ጸበል ይሻላል ስትል፣ ሲስተር «ጸበልሽንም ተጠመቂ፣ ኪኒንሽንም አታቋርጪ» አለች።

ከመድኃኒቱ ሌላ የቤት ሥራ ነበረኝ። «ደስ ሲለኝ እሠራለሁ ብለሽ አትጠብቂ፤ ትንሽ ሥሪ፣ ደስታው ከኋላ ይመጣል» ትለኛለች። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ጠዋት መስኮት መክፈትና ፊቴን መታጠብ ነበር። ይሄ ደግሞ ሥራ ነው? ብዬ ተናደድኩ። ከ7ቱ ቀን 3ቱን አልቻልኩም። እያፈርኩ ስነግራት «4 ቀን ከፍታለች» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ እስከ ሱቅ ድረስ መሄድ። ቀጥሎ ነጠላውን ከመኪናው ላይ ማንሳት፣ ማንሳት ብቻ። በ5ኛው ሳምንት አንድ ቁልፍ ተከልኩ። ቀጠሮ የቀረሁ ቀን ደውላ «ዛሬ ከአልጋ ወርደሻል?» ያለችኝን አልረሳም።

እንደ እኔ የከረማችሁ ካላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካርድ ክፍል «የአእምሮ ጤና ክፍል አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለም ወደሚገኝበት ሪፈር ጻፉልኝ በሉ። የመሞት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ከሆነ ግን ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ውጡ።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፋሲካ ቀሚስሽ አልቋል። ዋጋውን ካልተቀበልሽ አልወስድም ማለትሽን ተዪና ነይ ለኪው።