ተንቀሳቃሽ የባሕር ዳርቻ ካዝና፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ባሕር ዳርቻ ላይ ዕቃ የሚሰርቅ ሰው ብዙ አይደክምም። ፎጣ ላይ የተተወ ቦርሳ ያያል። ባለቤቱ ወገቡ ድረስ ውኃ መግባቱን ያያል። ብድግ አድርጎ ላሽ ይላል፤ ደቂቃም አይፈጅበት። ተንቀሳቃሽ ካዝና የገዛሁት ለዚህ ነው። ወራት አብረን ከርመናል። ጨውንም አሸዋንም ፀሐይንም ስለቀመሰ አሁን ስለ እሱ አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል።

ዕቃው ቀላል ነው። ወፈር ያለ መጽሐፍ የሚያህል ጠንካራ ነጭ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ክዳኑ ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ፣ ባለ ሦስት አሃዝ የቁጥር ቁልፍ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን የብረት ገመድ። ሁለት ስልክ፣ የኪስ ቦርሳ፣ የመኪና ቁልፍና መነጽር ይይዛል። ታብሌት አይገባበትም።

ይከላከላል ወይ? ሒሳቡን እንየው። ሦስት አሃዝ ማለት ከ000 እስከ 999 ድረስ 1000 አማራጭ ነው። አንዱን ለመሞከር ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉም በ33 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሌባው ትንሽ ዕድል ከቀናው ደግሞ ግማሹ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ዋኝቶ ለሚመለስ ሰው ይበቃል፤ ረፋዱን ሙሉ ጥሎት ለሚጠፋ አይበቃም። በእርግጥ ሰው በሞላበት ቦታ ጎንበስ ብሎ የሰው ሳጥን ላይ ቁጥር የሚያሽከረክር ሌባ ዓይን ውስጥ ይገባል። እሱም ይህን ያውቃል።

የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሲዘጋ አንዱን የቁጥር መዘውር ብቻ ነካ አድርጎ ይተወዋል። እያንዳንዱን መዘውር አንድ አንድ ቁጥር ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ያደረገ ሰው ወዲያው ይከፍተዋል። ሦስቱንም አተራምሷቸው። ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን 000 ደግሞ ገና ቤት ሳላችሁ ቀይሩት።

ከቁልፉ በላይ ወሳኙ ገመዱ የሚታሰርበት ነገር ነው። ጃንጥላ ላይ የሚያስር ሰው ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። አሸዋ ውስጥ የተተከለ ዘንግ እኮ ነው! ይነቀላል፤ ካልሆነም ጃንጥላው ታጥፎ ገመዱ ከላይ ሹልክ ይላል። እኔ የማስረው መተኛ ወንበሩ ላይ ነው፤ ያውም ሁለቱም ጫፉ የተበየደ ብረት ፈልጌ። ክፍት ጫፍ ያለው ወይም በቡሎን ብቻ የተያዘ እጀታ አይታመንም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተፈተነ። ውኃ ውስጥ ሆነን ዞር ስንል ሁለት ወጣቶች ወንበራችን አጠገብ ቆመዋል። አንደኛው ፎጣውን ገለጥ አደረገና ሳጥኑን አነሳ። ገመዱ ተወጠረ። አንዴ ሳብ አደረገው፤ ወንበሩ አሸዋው ላይ ተንፏቀቀ። ልጁ ቀና ብሎ ግራ ቀኙን አየ። ሳጥኑን ቦታው መለሰና ጓደኛውን ተከትሎ ሄደ። ፎጣውንም መልሶ አልብሶታል። ባለቤቴ እስካሁን «ያ ጨዋ ሌባ» እያለች ትስቃለች።

የብረት መቁረጫ ይዞ የመጣ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ገመድ በአንድ ጭምቅ ይበጥሰው ነበር። ማስታወቂያው ላይ ይህ አልተጻፈም።

ሌባውን ትተን ወደ አሸዋው እንምጣ። እኔን ከሌባ ይልቅ ያማረረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ መካከለኛው መዘውር ከበድ አለ። ቀጥሎ ሲዞር ቅርጭጭ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን 4 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስልኮቹም የመኪናው ቁልፍም ውስጥ ናቸው። የምንጠጣውን ውኃ ከጠርሙሱ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩበት። መዘውሩን በጥፍሬ ወዲያ ወዲህ አደረግኩት። ለዓይን የማትሞላ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወጣችና ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ከባሕር በተመለስን ቁጥር ቁልፉን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ። እያንዳንዱን መዘውር ከ0 እስከ 9 አዞራለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ ጥላ ቦታ አደርቃለሁ። ዘይት አትቀቡት። ዘይት አሸዋውን ይዞ ያስቀርና ነገሩ ይብሳል። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል፤ እጅ ማጥቆሩን ግን ቻሉት።

ገመዱም ከጨው አላመለጠም። ፕላስቲኩ የተላጠበት ቦታ ቡናማ ዝገት ወጥቶበታል። አይዝግም የሚባለው ብረትም ቢሆን ዓይነት አለው። 304 የሚባለው ባሕር አጠገብ ሲቆይ ነቁጥ ነቁጥ እያለ ይበላል። ሞሊብዲነም የሚባል ብረት የተቀላቀለበት 316 ጨውን የተሻለ ይቋቋማል። የእኔው ላይ የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም፤ ዝገቱን ሳይ ግን ከደህናው እንዳልሆነ ገባኝ።

የጎማ ማሸጊያው ጎበዝ ነው። ፍንጥቅጣቂና አሸዋ አያስገባም። ጣጣው ሙቀት ነው። የታሸገ ሳጥን ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ይግላል። አፕል አይፎንን መጠቀም ያለባችሁ አካባቢው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው ይላል። የእኛ ስልክ አንዴ ከሳጥኑ ሲወጣ «ይቀዝቅዝ» ብሎ አልሠራም አለ። አሁን ጥላ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ነጭ ፎጣም እናለብሰዋለን። ፎጣው ከዓይንም ይሸፍነዋል።

ውስጡ ኤርታግ (ዕቃ ያለበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ የአፕል ትንሽ መሣሪያ) ጥዬበታለሁ። ሲአር2032 በምትባለው ክብ ባትሪ ዓመት ገደማ ይሠራል። ቦታውን የሚያሳውቀው በአካባቢው ባሉ የአፕል ስልኮች በኩል ስለሆነ ሰው የበዛበት ባሕር ዳርቻ ይስማማዋል። ግን ልብ በሉ፤ የሌላ ሰው ኤርታግ አብሮት እየተጓዘ መሆኑን የሌባውም ስልክ ሊነግረው ይችላል። ደግሞም ካርታ ይዞ ሌባ ማሳደድ የፖሊስ ሥራ ነው።

ፓስፖርት ወደ ባሕር አይወርድም፤ ካረፍንበት ክፍል ይቀራል፣ ቅጂው ይበቃናል። ከአንድ ካርድና ከትንሽ ጥሬ ገንዘብ በላይ አንይዝም። ስልኩ ላይ *#06# ስትደውሉ የሚመጣውን አይኤምኢአይ የሚባል መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ክፍላችሁ ተዉት፤ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ቁጥሩን ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። የመኪና ቁልፍ ጎማ ላይ መደበቅ የሚባለውን ነገር እርሱት፤ ሌባው መጀመሪያ የሚዳብሰው እዚያው ነው። መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚቆይ ዕቃ ካለም ከመነሳታችሁ በፊት አስገቡት። መኪና ማቆሚያው ላይ ከፍታችሁ ስትደብቁ የሚያይ ዓይን አይጠፋም።

መልሼ እገዛዋለሁ ወይ? እገዛዋለሁ፣ ይህንኑ ሞዴል ግን አይደለም። ባለ አራት አሃዝ ቁልፍ 10,000 አማራጭ አለው፤ በዚያው ፍጥነት ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ገመዱም ረዘም ይበል። የአሁኑ አጭር ስለሆነ የተበየደውን ብረት ለማግኘት ወንበሩን በየጊዜው መገልበጥ አለብኝ፤ ተኝቶበት ያለን ሰው አስነስቶ ያንን ማድረግ ደግሞ አይመችም።