ፌኖባርቢታል በገጠር፦ ክኒኑ አስተማማኝ፣ አቅርቦቱ ግን ደካማ

በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። በድሃ ገጠር የሚበዛበት ምክንያት በደንብ ይታወቃል፦ በምጥ ጊዜ መታፈን፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል የነካ ወባ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ እንዲሁም በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ምግብ በኩል ገብቶ አንጎል ውስጥ የሚሰፍር የአሳማ ኮሶ ትል እጭ። በእነዚሁ አካባቢዎች አብዛኛው ታማሚ ሕክምና አያገኝም።

ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆን መድኃኒት ርካሽ መሆን አለበት፤ በቀን አንዴ የሚበቃና የደም ምርመራ ሳይጠበቅ የሚጀመርም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት ፌኖባርቢታል ሁሉንም ያሟላል። መላ ሰውነት በሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ላይ ጥሩ ይሠራል። ለአፍታ ፍዝዝ በሚያደርገው ዓይነት ላይ ግን አይረዳም።

አዋቂ በ60 ሚሊግራም ይጀምራል፤ ማታ ሊተኛ ሲል ቢውጠው ይሻላል። ልጅ በክብደቱ ነው፦ በቀን በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ በደም ውስጥ መጠኑ እስኪረጋ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሕመሙ ሲመለስ «አልሠራም» ተብሎ ይተዋል፤ ወይም መጠኑ ቶሎ ቶሎ ይጨመርና ታማሚው ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይውላል። ለአዋቂ ከ180 ሚሊግራም በላይ አይኬድም።

ትልቁ አደጋ በድንገት ማቋረጥ ነው። ክኒኑ አልቆ ጥቂት ቀን ካለፈ መንፈራገጡ እየተደጋገመ፣ አንዳንዴም ያለ ፋታ ሊመጣ ይችላል፤ ምድጃ አጠገብ ወይም ወንዝ ዳር ያለ ሰው ደግሞ ይቃጠላል፣ ይሰምጣል። ስለዚህ አንድ ጤና ጣቢያ የሚመዘነው ክኒኑን በመጀመሩ ብቻ ሳይሆን ሳይቆራረጥ በማቅረቡም ነው። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ በመሆኑ ግዢውና ማጓጓዙ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ክምችቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ብዙ ሳለ ማዘዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከሩቅ በእግር ለሚመጣ የተረጋጋ ታማሚ የ2 ወር ክኒን በአንዴ መስጠት የሚያዋጣ አሠራር ነው፤ ክኒኑ ግን ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ በብዛት ከተዋጠ ትንፋሽ ያቆማል።

መድኃኒቱን ነጥብ የሚያስቀንሱት ነገሮችም አሉ። አንዳንድ ልጆችን ያቅበጠብጣል፣ ትኩረታቸውንም ይቀንሳል፤ የአእምሮ እድገት ችግር ላለበት ልጅ ሌላ አማራጭ ካለ ያ ይቅደም። የሆርሞን የእርግዝና መከላከያንም ያዳክማል፤ ይህን ለሴቶች በመጀመሪያው ቀን ሳይነግሩ ክኒኑን ማስያዝ ተገቢ አይደለም።