ኬክ ማስዋብ፦ ክላስ ልግባ ወይስ ከዩቲዩብ ልማር?

ወጪ፦ ዩቲዩብ ነጻ ነው፤ ለክሬሙ የሚሆነው ቅቤና አይሲንግ ሹገር (እንደ ዱቄት የላመ ስኳር)፣ የክሬም መጭመቂያው ከረጢትና ጫፉ ላይ የሚገባው ኖዝል (ቅርጽ ማውጫ) ግን ከኪሳችሁ ነው። ክላስ ያስከፍላል፣ ዕቃውን ይጨምር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

እጅ፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በክሬም ጽጌረዳ ስትሠሩ ክሬሙ ከላላ ቅጠሉ ይንሸራተታል፣ ከጠጠረ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ቪዲዮው እጃችሁን አያይም፤ አስተማሪ ግን አጠገባችሁ ቆማ "በቀኝሽ ከላይ ጨምቂው፣ በግራሽ ምሪው" ትላለች። እኔ ወር ሙሉ ስታገለው የከረምኩት ነገር በአንድ ከሰዓት ተፈታልኝ።

ጊዜ፦ ቤት ከሆነ ልጆች ከተኙ በኋላም ይቻላል።

ቅዳሜ ነጻ ከሆናችሁና ከሰው ጋር መማር ከወደዳችሁ፣ ክላስ ግቡ። ሰዓታችሁ የማይጨበጥ ከሆነ ወይም ሥራውን መውደዳችሁን ገና ካላወቃችሁ፣ በአንድ ከረጢትና በአንድ የኮከብ ኖዝል ቤት ጀምሩ። መጋገሪያ ወረቀት ላይ ተለማመዱ፤ ክሬሙን ጠርጋችሁ መልሳችሁ ትሠሩበታላችሁ።