የአንድ ጥርስ ውሸት፦ ያገለገለ ዲፈረንሻል ስትገዙ ቆርቆሮውን አትመኑ

መኪናችሁ ትንሽ ቁጡ እንድትሆን የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ዙር ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈውን የጥርስ ሳጥን) ለመቀየር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከኪስ ሳታወጡ ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ። ግማሹ የሻጩ ጥፋት ነው፣ ግማሹ የራሴ ችኮላ።

መኪናዬ ሥራ የምመላለስባት ናት። ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል፣ የኋላ ጎማ የሚገፋት። ሞተሯ ደህና ነው፤ ዲፈረንሻሏ ግን 3.27 ስለሆነ ከቆመችበት ስትነሳ ትለግማለች። ለውድድር አልፈልጋትም። መብራት ሲለቅ ቶሎ እንድትነሳ፣ ዳገት ላይ ማርሽ ማውረድ እንዳይበዛብኝ፣ በቃ ይኸው ነበር ምኞቴ። አስቤ አስቤ 3.73 ይሻለኛል አልኩ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ከዚያ አንድ ሻጭ አገኘሁ። «3.73 ነው፣ ገጥመህ መንዳት ብቻ» አለኝ። የዲፈረንሻሉ ሽፋን ላይ በብሎን የታሰረች ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ 3.73 ተጽፎባታል። አየሁ፣ አመንኩ፣ ከፈልኩ።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዲፈረንሻል ውስጥ ሁለት ዋና ጥርሶች አሉ። ትንሹ ፒኞን ነው፤ ከካምቢዮ በሚመጣው ሻፍት ይዞራል። ትልቁ ኮሮና ነው (በሽታው አይደለም)፤ ጎማዎቹን የሚያዞረው እሱ ነው። የኮሮናውን ጥርስ ለፒኞኑ ጥርስ ስታካፍሉ ቁጥሩ ይመጣል። 41 ለ11 ሲካፈል 3.73 ነው። 41 ለ10 ሲካፈል 4.10። አያችሁ? ኮሮናው ባለ 41 እንደሆነ ይቀራል፤ የሚለየው የፒኞኑ አንድ ጥርስ ነው። እኔን የበላችኝ ያቺ አንድ ጥርስ ናት። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ማርሹ ከባድ ይሆናል፤ መኪናው ሲነሳ ይበረታል፣ ረጅም መንገድ ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይሉ ነበር። ነዳጅ ነካ ሳደርጋት ትወረወራለች። እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ከከተማ ስወጣ ነገሩ ተገለጠ። ዳሽቦርዱ 100 ይላል፣ ሌላው መኪና ሁሉ ግን ጥሎኝ ይሄዳል። የሞተሩን ዙር ባየው እንደ ድሮው ነው። ግራ ገባኝ። ለካስ የእኔ መኪና ፍጥነት የሚለካው ካምቢዮው ጭራ ላይ ነው፣ ከዲፈረንሻሉ በፊት። ስለዚህ ኋላ የፈለጋችሁትን ብትገጥሙ የሞተሩ ዙርና ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ፍጥነት እንደተስማሙ ይኖራሉ። ሁለቱም አብረው ይዋሻሉ። ስልኬን አውጥቼ በጂፒኤስ ለካሁ። ዳሽቦርዱ 100 ሲል ስልኩ 80።

የተወሰነ ልዩነት እንደሚኖር አውቅ ነበር። 3.73 ቢሆን ስልኩ 88 ገደማ ማለት ነበረበት። ዳር ይዤ ቆምኩና ካልኩሌተር ከፈትኩ። 100 በ3.27 ተባዝቶ ለ80 ሲካፈል፦ 4.09። እዚያው መሪው ላይ ተደፋሁ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እኔም 3.73 ተብዬ ነው የገዛሁት» አለ። ሁለተኛ ስደውል አላነሳም። ቆርቆሮዋ የምትታሰረው በሽፋኑ ብሎን ነው፤ ሽፋኑን የከፈተ ሰው ሁሉ የፈለገውን ቁጥር ሊያስርባት ይችላል። ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ ለእኔ ኪስ ልዩነት የለውም።

«ታዲያ 4.10 ምን አለበት? ይበልጥ ስፖርት አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ቁጥሩን እንየው። ጎማዬ 225/45 አር 17 ነው፤ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አምስተኛ ማርሼ 0.80 ነው፤ ሻፍቱ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 0.80 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በእውነተኛ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሞተሩ በ3.27 በደቂቃ ወደ 2,600 ዙር፣ በ3.73 ወደ 3,000፣ በ4.10 ደግሞ ወደ 3,300 ይዞራል። አምስት ደቂቃ ይቻላል። ሦስት ሰዓት ግን ጆሮ ያደነቁራል፤ ነዳጁም ያው ሞተሩ ሲበዛ ሲዞር ይበዛል።

የሚያስቀው ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ነው። የእኔ ሁለተኛ 2.05 ነው፣ ሞተሩ 6,500 ላይ ይቆማል። በ3.27 ሁለተኛ ማርሽ እስከ 116 ይወስደኝ ነበር። በ3.73 ቢሆን 101 ላይ ያልቃል፤ ለጥቂት 100ን ያልፋል። በ4.10 ግን 92 ላይ ያልቅና 100 ለመድረስ ሦስተኛ ማስገባት አለብኝ። ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ማርሽ መቀየር፣ መልቀቅ፤ ያገኘሁትን ጥቅም እዚያ ላይ እጥለዋለሁ። «ዲፈረንሻል ቀይር፣ ጉልበት ይጨምርልሃል» የሚላችሁን አትስሙ። የሞተሩ ጉልበት ያው ነው። ጎማው ላይ የሚደርሰው ግፊት በየማርሹ ይጨምራል፣ በምትኩ እያንዳንዱ ማርሽ ቶሎ ያልቃል። ከ3.27 ወደ 3.73 ለውጡ 14 በመቶ ነው። ወደ 4.10 ግን 25 በመቶ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መጮህ ጀመረ። ነዳጅ ስሰጥ ቀጭን «ዊ» የሚል ድምፅ፣ ነዳጅ ስለቅ ደግሞ ማጉረምረም። ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ከፈተውና ኮሮናው ጥርስ ላይ ቢጫ ቅባት ቀብቶ አዞረው። ፒኞኑ ቅባቱን የጠረገበት ቦታ ጥርሱ መሃል መሆን ሲገባው ጫፉ ላይ ተለጥፏል። ከዚያ በጨርቅ ጠራርጎ በባትሪ አሳየኝ፦ ኮሮናው ጠርዝ ላይ የተጫረ ቁጥር አለ፣ ፒኞኑ ግንባር ላይም አለ። አንድ መሆን ነበረባቸው። አይደሉም። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፋጭተው፣ ተጣምረው የሚወጡ ናቸው። አንዱን ከአንዱ ነጥሎ ከሌላ ጋር ማጋባት ይህንን ጩኸት ያመጣል። ሰውዬው «እነዚህ እኮ አይተዋወቁም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልትገዙ ስትሄዱ ቾክ ያዙ። ዲፈረንሻሉ መሬት ላይ እንዳለ ሻፍቱ የሚታሰርበት ፍላንጅ ላይ አንድ መስመር፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ ትይዩ መስመር አስምሩ። ጎማ ከሚታሰርባቸው ሁለት ጎኖች አንዱን ጓደኛችሁ አጥብቆ ይያዝ። ሌላውን ጎን በእጃችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ፍላንጁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ሦስት ዙር ከሦስት ሩብ ሊሞላ ትንሽ ከቀረው 3.73 ነው። አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 4.10 ነው። ሊሚትድ ስሊፕ (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዳይዞሩ የሚገታ ዓይነት) ከሆነ ሁለቱ ጎኖች አብረው ስለሚዞሩ ሁለቱንም አንድ ዙር ብቻ አዙሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የራሳችሁን መኪና ለማወቅም እንደዚሁ ነው፤ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጋችሁ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ። የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል ድንጋይ አስደግፉ።

ከቻላችሁ ሽፋኑን አስከፍታችሁ የተጫሩትን ቁጥሮች አመሳክሩ። አልከፍትም ካለ ልቀቁት።

«ገጥመህ መንዳት ብቻ» የሚባለውም ውሸት ነው። ኮሮናና ፒኞን ብቻ የሚቀይር ሰው የፒኞኑን ጥልቀት በስስ ቀለበቶች ማስተካከል፣ የኩሽኔታውን ጥብቀት መለካት፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ማስያዝ አለበት። ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን የሚገመት ነገር አይደለም። መለኪያ የሌለው ጋራዥ አታስነኩት። አንዳንድ ዲፈረንሻል ላይ ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ከተራራቀ ኮሮናው የሚታሰርበት ቤትም አብሮ መቀየር አለበት፤ ይህንን ከመግዛት በፊት ጠይቁ። በአራቱም ጎማ የምትገፋ መኪና ካላችሁ የኋላውን ብቻ መቀየር የማይታሰብ ነው፤ የፊቱና የኋላው ካልተስማሙ እርስ በርስ ይሰባበራሉ።

ቁጥር ስትመርጡ ከላይኛው ማርሻችሁ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ የምትነዱበትን ፍጥነት ያዙ፣ ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚሆን አስሉ፣ ያንን ድምፅ ለሰዓታት ትችሉት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ስድስተኛ ማርሽ ያላት፣ እሱም 0.65 አካባቢ የሆነ መኪና 4.10ን በደንብ ልትሸከም ትችላለች። የላይኛው ማርሽ 1.00 ከሆነ ግን 3.73 እንኳ 100 ላይ ከ3,100 ዙር በላይ ያስኬዳል። ለዕለት መኪና እኔ ከ10 እስከ 15 በመቶ ባለው ለውጥ እቆማለሁ።

እኔ የድሮውን 3.27 መልሼ አስገጥሜያለሁ። መኪናዋ እንደገና ትለግማለች፣ ግን ዝም ትላለች። ያኛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቆርቆሮዋን ነቅዬ ጥያለሁ፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ «4.10፣ አይተዋወቁም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለሳጥኑና ለኩሽኔታው ብሎ የሚፈልገው ካለ፣ ቾኩን ይዞ ይምጣና ራሱ ይቁጠር።